ኩልል ያለው የጉድጓድ ውሃና የበለዘ ጥርስ፦ ፍሎራይድ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ ከተማ አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ሲመረቅ የሚቀዳው የመጀመሪያው ብርጭቆ ኩልል ያለ ነው። አይሸትም፣ አይደፈርስም፣ ሲመረመርም ጀርም አይገኝበትም። ሰዉ ከወንዝና ከኩሬ ስለተገላገለ የልጆች ተቅማጥ ይቀንሳል። ጉዳቱ ብቅ የሚለው ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በምረቃው ጊዜ ገና ይድሁ የነበሩት ልጆች የወተት ጥርሳቸውን ጥለው ቋሚውን ሲያበቅሉ ነው። ጥርሱ መጀመሪያ እንደ ኖራ የነጣ ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ባስ ካለ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፣ እየተቦረቦረም ይሸራረፋል። ልጁ “መፋቂያ አታውቅም” እየተባለ ይወቀሳል። ነገር ግን ብሩሽም መፋቂያም ይህን አያስለቅቅም። ቀለሙ ከውጭ የተለጠፈ ሳይሆን፣ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ የተበላሸ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። ከፋብሪካ የሚለቀቅ መርዝ ወይም ከእርሻ የሚታጠብ ኬሚካል ተጠያቂ አይደለም፤ የሚመጣው ከራሱ ከአለቱ ነው። ጥፋተኛ ሆኖ የሚጠየቅ አካል ስለሌለም ነገሩ በቀላሉ ይዘነጋል።

ፍሎራይዱ ከየት ይመጣል?

ከአዋሽ ሸለቆ ጀምሮ በሞጆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ አካባቢ እስከ ደቡብ የሚዘልቀው ምድር በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በፑሚስና በባልጩት የተሞላ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ በቶሎ ቀዝቅዞ እንደ መስተዋት የቀረ ስለሆነ በውስጡ የያዘውን ፍሎራይድ ለውሃ በቀላሉ ይለቃል። የከርሰ ምድሩ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ፍል ውሃዎችና ሞቅ ያለ ውሃ የሚያወጡ ጉድጓዶች በፍሎራይድ የሚከብዱት ለዚህ ነው።

አለቱ ብቻውን ግን ሁሉንም አያስረዳም። ዋናው ቁልፍ ካልሲየም ነው። ካልሲየምና ፍሎራይድ ሲገናኙ ተያይዘው የማይሟሟ ማዕድን ይሆናሉ፤ ስለዚህ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ብዙ ፍሎራይድ መሸከም አይችልም። ከአርሲና ከጉራጌ ደጋ የሚነሳው ውሃ ካልሲየም አለው። ወደ ሸለቆው ወለል ሲወርድ ግን በሸክላው አፈር ውስጥ ካልሲየሙን እየሰጠ ሶዲየም ይቀበላል፣ ከሥር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ባይካርቦኔቱን ያበዛዋል። የቀረው ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። ያዥ ያጣው ፍሎራይድ ውሃው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። መውጫ የሌላቸው ሻላና አቢጃታ ሐይቆች በሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ይኸው ሂደት ከትነት ጋር ተደምሮ ነው።

ከዚህ የሚገኝ አንድ የቤት ውስጥ ፍንጭ አለ። ካልሲየም ያነሰው ውሃ “ለስላሳ” ስለሆነ ሳሙና ቶሎ አረፋ ይሰጥበታል፣ ማንቆርቆሪያም ላይ ነጭ ቅርፊት አይጋግርም። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ሰው “እንዴት ያለ ጥሩ ውሃ ነው፣ ሳሙና አይፈጅም” ብሎ የሚያመሰግነው ጉድጓድ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ነው። ሞቅ ካለና ሶዳ ሶዳ ከጣመ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ይህ ግን ፍንጭ ነው እንጂ ምርመራን አይተካም፤ ፍሎራይድ ራሱ በዚህ መጠን ጣዕምም ቀለምም የለውም።

ምን ያህል ሲሆን ይጎዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጣሪያውን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሲያልፍ የጥርስ መበለዝ ይጀምራል፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ያለውን ውሃ ለዓመታት የሚጠጣ ሰው አጥንቱ ሊነካ ይችላል፤ ከ10 በላይ ሲሆን አካል ጉዳተኛ የሚያደርገው የአጥንት ፍሎሮሲስ ይመጣል። ይህ ሕመም አጥንቱን ከማሳሳት ይልቅ ያወፍረዋል፣ ጅማቶችን ያጠነክራል፣ መገጣጠሚያዎችን ያገጣጥማል። መጀመሪያ የወገብና የአንገት ድርቅ ማለት ነው፤ ቀጥሎ መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ ወደኋላ ዞሮ ማየት ያቅታል። በመጨረሻ ጀርባ ይጎብጣል፣ ያበጠው አጥንትም ሕብለ ሰረሰርን ይጫናል። የተበላሸውን አጥንት የሚመልስ መድኃኒት የለም።

1.5 የሚለው ቁጥር ግን እንደ ግድግዳ መታየት የለበትም። ሰውነትን የሚጎዳው በቀን የሚገባው ጠቅላላ መጠን ነው፤ በቀን ከ6 ሚሊግራም በላይ ሲሆን የአጥንት ጉዳት ምልክቶች ይታያሉ፣ 14 ሚሊግራም ሲደርስ ጉዳቱ ግልጽ ነው። በደጋ የሚኖርና በቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ ሰው 1.5 ካለው ውሃ 3 ሚሊግራም ያገኛል። መተሐራ ፀሐይ ላይ ሸንኮራ የሚቆርጥ ሠራተኛ ግን አምስት ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ ውሃው 3 ሚሊግራም ብቻ ቢኖረው እንኳ በቀን 15 ሚሊግራም ገባው ማለት ነው። በቆላ ከተማ “ከመጠኑ ትንሽ ነው ያለፈው” የሚለው ማጽናኛ የማያስኬደው ለዚህ ነው።

የወንጂ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲያስጀምር ለሠራተኛ ሰፈሮች የተቆፈሩት ጉድጓዶች ብዙ ፍሎራይድ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአክቲቬትድ አሉሚና (ፍሎራይድን የሚይዝ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ፍሬ) የሚሠሩ ማጣሪያዎች ተተከሉ፤ ሁሉንም ሰፈር ግን አላዳረሱም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጀርባቸው የደረቀና የጎበጠ ሠራተኞች በሐኪሞች ተለይተው ተመዘገቡ። ከአሥር ዓመት በላይ የጠጡት ውሃ ነበር በአጥንታቸው የተጻፈው።

የማይሠሩ ነገሮች

በከተማው ሰው ዘንድ “ውሃ ማከም” ማለት ጀርም መግደል ነው፤ ስለዚህ ስለ ፍሎራይድ ሲሰማ እጁ የሚሄደው ወደሚያውቀው ዘዴ ነው። ማፍላት አይረዳም፣ እንዲያውም ያብሳል። 20 ሊትር ውሃ ፈልቶ 18 ሊትር ቢቀር ፍሎራይዱ እንዳለ ስለሚቀር በሊትር 5 ሚሊግራም የነበረው 5.6 ገደማ ይሆናል። ውሃ አጋርና ሌላው ክሎሪን ሁሉ ለጀርም እንጂ ለፍሎራይድ አይደለም። የሸክላ ማጣሪያ፣ የአሸዋ ማጣሪያ፣ በጨርቅ ማጥለል፣ ማሳደር፣ ሎሚ መጭመቅ አንዱም አይነካውም። የእንጨት ከሰልም እንዲሁ። ከሰል መባሉ ከከብት አጥንት ከሚሠራውና ፍሎራይድን ከሚይዘው የአጥንት ከሰል ጋር ስለሚያምታታ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መለካት

ምንም ነገር ከመግዛትና ከመገንባት በፊት ቁጥሩ መታወቅ አለበት፤ 2 ሚሊግራም ያለው ውሃና 12 ሚሊግራም ያለው ውሃ አንድ ዓይነት መፍትሔ የላቸውም። ናሙናው የሚወሰደው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ብርጭቆ ጠርሙስ አይመረጥም። ፓምፑ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ጠርሙሱ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ ግማሽ ሊትር ይሞላል። የጉድጓዱ ስም፣ ቀኑና የውሃው ሙቀት ይጻፍበታል። አሲድ መጨመር አያስፈልግም፤ በደንብ ከተከደነ እስከ 28 ቀን ሳይበላሽ ይቆያል። ናሙናው ክሎሪን ከሚጨመርበት ጋን ሳይሆን ከዚያ በፊት ካለው መስመር ይቀዳ፤ ክሎሪን የቀለም ምርመራውን ያዛባል።

በወረዳና በከተማ ላቦራቶሪዎች የሚዘወተረው ስፓድንስ የሚባለው ባለቀይ ፈሳሽ ምርመራ ነው። ይህ ዘዴ የሚያነበው እስከ 2 ሚሊግራም ድረስ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት መሣሪያው 2 ላይ ሲቆም “2 ነው” ተብሎ መመዝገቡ ነው፤ እውነተኛው ቁጥር 9 ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ወደ 2 ከተጠጋ አንድ እጅ ናሙና በአራት እጅ የተጣራ የላቦራቶሪ ውሃ ተበርዞ እንደገና ይለካል፣ ውጤቱም በ5 ይባዛል። ሌላም አለ፦ በአሉም የታከመ ውሃ በስፓድንስ ሲለካ የቀረው አልሙኒየም ፍሎራይዱን ስለሚደብቀው ቁጥሩ ከእውነቱ አንሶ ይወጣል። ለታከመ ውሃ የሚታመነው ቲሳብ የተባለው ማስተካከያ ፈሳሽ የሚጨመርበት የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው።

ምርመራው ከተላከ አይቀር አርሴኒክም አንድ ጊዜ ይለካ። በዚሁ የእሳተ ገሞራ አካባቢ አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ አለባቸው፤ ለፍሎራይድ የተሠራ ማጣሪያም እሱን ይይዛል ተብሎ አይታመንም።

ከማጣራት በፊት ሌላ ውሃ

ፍሎራይድን ከውሃ ማውጣት ይቻላል፤ ለዓመታት ሳያቋርጡ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በወንጂ፣ በኬንያው ናኩሩና በታንዛኒያው አሩሻ ዙሪያ የተገኘው ልምድ የሚያሳየው ማጣሪያዎች ከሚቆሙበት ምክንያት ዋናው የዘዴው ድክመት ሳይሆን የሚተካው ነገር በጊዜው አለመምጣቱ ነው። ስለዚህ የተሻለ ውሃ ካለ ቅድሚያው ለእሱ ነው። ከሸለቆው ጠርዝ ከፍ ብለው ያሉ የደጋ ምንጮች በስበት ኃይል በቧንቧ ቢወርዱ መጀመሪያ ውድ ናቸው፣ በኋላ ግን ኬሚካልም አጥንትም አይጠይቁም። የአዋሽ ውሃና መውጫ ያለው ዝዋይ ሐይቅ ከጥልቅ ጉድጓዶቹ በብዙ ያነሰ ፍሎራይድ አላቸው፤ ደፍርሶና ጀርም ይዞ ስለሚመጣ ግን ሙሉ የማጥሪያና የክሎሪን ሥራ ይፈልጋል። “ጠልቀን ብንቆፍር ይሻላል” የሚለው ግምት እዚህ አደገኛ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ጠለቅ ማለት ብዙ ጊዜ ወደ ሙቀቱ መጠጋት ነው። ከመቆፈሩ በፊት በአካባቢው ያሉት ጉድጓዶች ሁሉ ይለኩ።

ሁለት ምንጭ ያለው ከተማ ማደባለቅ ይችላል። ጉድጓዱ 5 ሚሊግራም፣ ምንጩ 0.5 ቢሆን፣ አንድ እጅ ከጉድጓዱ በአራት እጅ ከምንጩ ሲቀላቀል 1.4 ይሰጣል። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ውሃዎች ወደ ቦኖ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጋን ውስጥ ከተገናኙ ብቻ ነው። በመስመሩ ላይ በተለያየ ቦታ ከገቡ አንዱ ሰፈር ምንጩን፣ ሌላው ሰፈር ጉድጓዱን ብቻ ይጠጣል፤ በወረቀት ላይ ግን አማካዩ ያማረ ይመስላል። በበጋ ምንጩ ሲቀንስ ድርሻው መለወጡም ይረሳል።

የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ለአንድ ቤት ስሌቱ ይህ ነው፦ 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በዓመት 700 ሚሊሜትር ዝናብ፣ በመፍሰስና በመትነን አንድ አምስተኛው ቢባክን 16,800 ሊትር ይገኛል። አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ ለመጠጥና ለማብሰያ በነፍስ ወከፍ 5 ሊትር ቢወስድ በዓመት 9,125 ሊትር ይበቃዋል። ጣሪያው አይደለም የሚያጥረው፣ ማጠራቀሚያው ነው፦ 150 የደረቅ ቀናትን ለመሻገር 3,750 ሊትር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 5,000 ሊትር ሮቶ ይመከራል። ከደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ከአሸንዳው ቢያንስ 30 ሊትሩ ወደ ውጭ ይፍሰስ። የሚጠጣው ውሃ ክሎሪን ይጨመርበት።

ማጣራት ግድ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚወሰነው የትኛው ውሃ ይጣራ የሚለው ነው። ፍሎራይድ በቆዳ አይገባም፤ ልብስ ማጠቢያው፣ ገላ መታጠቢያው፣ ቤት መወልወያው እንዳለ ቢቀር ጉዳት የለውም። የሚጣራው ወደ አፍ የሚገባው፣ ማለትም በሰው 5 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 1,000 ሰው ለሚጠቀምበት ቦኖ 5 ሚሊግራም ያለው ውሃ በአጥንት ከሰል ቢጣራ፣ አንድ ቶን ከሰል ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ሲውል ሦስት ወር ገደማ ይቆያል፤ ሰው ሁሉ በቀን 20 ሊትር ለሁሉም ነገር ከቀዳ በ22 ቀን ያልቃል። ስለዚህ ቦኖው ሁለት ቧንቧ ይኑረው፣ የተጣራው በተለየ ቀለም ይቀባ፣ ዋጋውም ይለያይ። ዋጋው ሲለያይ የተጣራውን ለልብስ የሚቀዳ አይኖርም፤ ርካሹን ለመጠጥ የሚወስድ ግን ይኖራልና ማስረዳቱ አይቋረጥ።

በባልዲ፣ በአሉምና በኖራ

ዘዴው ስሙን ያገኘው በሕንድ ካለችው ከናልጎንዳ ነው። አሉም፣ ማለትም አልሙኒየም ሰልፌት፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ተበተነ ጥጥ ያለ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ፍሎራይዱ እሱ ላይ ተጣብቆ አብሮት ይወርዳል። ኖራው የሚጨመረው አሉሙ ያመጣውን አሲድነት ለማስተካከልና ዝቃጩ ቶሎ እንዲረጋ ነው። አሉም ሩቅ አገር የሚፈለግ ዕቃ አይደለም፤ አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ያመርተዋል፣ እሱም ችግሩ ባለበት በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው።

በታንዛኒያ የተሞከረው የሁለት ባልዲ አሠራር ለ20 ሊትር ውሃ 12.8 ግራም አሉምና 6.4 ግራም ኖራ ይጠቀማል፤ በ10 ዙሪያ የነበረውን ፍሎራይድ ወደ 2 ገደማ አውርዷል። አሉሙና ኖራው በየብቻቸው በጥቂት ውሃ ይሟሟሉ። ባልዲው ውስጥ ሲገቡ ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ ለአምስት ደቂቃ በዝግታ ይማሰላሉ። ፈጣኑ ማማሰል ኬሚካሉን ያዳርሳል፤ ዝግተኛው ጥጡ እየተያያዘ እንዲያድግ ያደርጋል። ለመቸኮል ሲባል እስከ መጨረሻው በፍጥነት ከተማሰለ ጥጡ ይፈረካከስና አይረጋም። አንድ ሰዓት ከረጋ በኋላ ውሃው ከባልዲው ታች 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በተተከለ ቧንቧ፣ በንጹሕ ጨርቅ እየተጠለለ ወደ ሁለተኛው ባልዲ ይወርዳል። ቧንቧው ከዚያ ዝቅ ካለ ዝቃጩ አብሮ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የተያዘው ፍሎራይድ ሁሉ ተመልሶ ተጠጣ ማለት ነው። በባልዲው ውስጥ እስከ ማግስቱ ማሳደርም አይገባም።

ድክመቶቹ ግልጽ ናቸው። 12 ሚሊግራም ያለውን ውሃ ይህ ዘዴ ብቻውን ከ1.5 በታች አያደርሰውም። መጠኑ እንደ ውሃው ይለያያል፦ ባይካርቦኔት የበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ ተጨማሪ አሉም ሊጠይቅና ኖራውን ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ በላቦራቶሪ በራሱ በከተማው ውሃ ተሞክሮ ይወሰን እንጂ ከሌላ አገር ቁጥር አይገለበጥ። በማንኪያ በግምት መስፈርም አያስኬድም፤ ለአንድ ባልዲ የሚበቃው በትንሽ ላስቲክ ተመዝኖ ቢታደል ይሻላል። ለአንድ ወር፣ በቀን አንድ ባልዲ ለሚያክም ቤት፣ አሉሙ 384 ግራም፣ ኖራው 192 ግራም ይመጣል። አሉሙ ሲበዛ ውሃው ይኮመጥጣል፣ አልሙኒየሙም ሳይዘቅጥ ይቀራል፤ ኖራው ሲበዛ ደግሞ ፍሎራይዱ ከጥጡ ይላቀቃል። ዝቃጩ ከብት በሚደርስበት ቦታ ወይም ጓሮ አይደፋ።

የአጥንት ከሰል

የአጥንት ዋና ማዕድን ፍሎራይድን ይወዳል፤ የሰውን አጥንት የሚያበላሸውም ይኸው ጠባዩ ነው። የከብት አጥንት ተቃጥሎ ሲፈጭ ያ ጠባይ ለጥቅም ይውላል። በኬንያ ናኩሩ ለዓመታት ተሠርቶበታል፣ በአገራችንም በስምጥ ሸለቆ በቤትና በቦኖ ደረጃ ተሞክሯል።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በእሳቱ ላይ ነው። የደረቀና ሥጋና ቅባት የሌለው አጥንት አየር በተመጠነበት ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቃጠላል። ሙቀቱ ካነሰ ቅባትና ሥጋ ነክ ነገር ይቀርና ውሃው ይሸታል፣ ሰውም ባንድ ቀን ይጠላዋል። ሙቀቱ ካለፈ አጥንቱ ነጭ ይሆናል፤ ለዓይን ያምራል፣ ግን ቀዳዳዎቹ ስለተደፈኑ ፍሎራይድ አይዝም። ጥሩው ግራጫማ ነው። ተፈጭቶ በወንፊት ግማሽ ሚሊሜትር እስከ ሁለት ሚሊሜትር ያለው ይመረጣል፤ ዱቄቱ ማጣሪያውን ስለሚዘጋ ይወገዳል፤ የቀረው ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል።

ለቤት 10 ኪሎ ከሰል በአንድ ባለ20 ሊትር ባልዲ ይገባል። ውሃው ከከሰሉ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ስላለበት ቧንቧው በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ አይልቀቅ። መውጫው ከታች ተነስቶ ከከሰሉ ከፍታ በላይ ወጥቶ የሚታጠፍ ቱቦ ቢሆን ከሰሉ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ቧንቧው በቀጥታ ከታች ከሆነ ውሃው ይሮጣል፣ ከሰሉም ይደርቃል። ክሎሪን የሚጨመረው ከማጣሪያው በኋላ ነው፤ በፊት ከተጨመረ ከሰሉ ይበላዋል።

መቼ ይለወጣል? አንድ ግራም ከሰል በጥንቃቄ ሲሰላ 2 ሚሊግራም ፍሎራይድ ይይዛል ይባል። 10 ኪሎው 20,000 ሚሊግራም ይይዛል ማለት ነው። ቤተሰቡ በቀን 25 ሊትር ቢያጣራና ከእያንዳንዱ ሊትር 4.5 ሚሊግራም ቢወጣ፣ በቀን 112 ሚሊግራም፣ ስለዚህ ስድስት ወር ገደማ። ጥሬው ውሃ 10 ሚሊግራም ካለው ሦስት ወር ብቻ። የዚህ ማጣሪያ ትልቁ አደጋ ማብቃቱን አለመናገሩ ነው፦ ውሃው እንደ ወትሮው ይፈሳል፣ እንደ ወትሮው ይጣፍጣል፣ ፍሎራይዱ ግን ያልፋል። ስለዚህ ባልዲው ላይ ከሰሉ የገባበትና የሚወጣበት ቀን በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ በቦኖ ደረጃ ደግሞ ጠባቂው ያለፈውን ሊትር በመዝገብ ይያዝ፣ በየወሩም ይለካ።

የየትኛው እንስሳ አጥንት ነው፣ ማን ያረደው ነው፣ በጾም ቀንስ ይጠጣል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ባይጠየቁም በሰው ልብ ይኖራሉ። ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት ከካህናትና ከሼኮች ጋር በግልጽ መነጋገር ከተተከለ በኋላ ለምን ቆመ ብሎ ከመመርመር ይቀላል።

አክቲቬትድ አሉሚና እንደ አጥንት ከሰል ይሠራል፣ የሃይማኖት ጥያቄም አያስነሳም፣ ሲያበቃ በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ በአሲድ ተስተካክሎ እንደገና ይሠራል። ይህ ግን የሰለጠነ እጅና ከውጭ የሚገባ ዕቃ ይጠይቃል፤ በስምጥ ሸለቆው ሶዳማ ውሃም አቅሙ ይቀንሳል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃን በግፊት በቀጭን ገለፈት የሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ አብዛኛውን ፍሎራይድ ያወጣል፤ በመብራት ይሠራል፣ ገለፈቱ ውድ ነው፣ ከሚያስገቡት ውሃም ጥቂት የማይባለው ፍሎራይዱ በርክቶበት ተመልሶ ይወጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሆስፒታል ይሆን ይሆናል እንጂ ለቦኖ አስቸጋሪ ነው።

ሕፃናትና ማዕድ ቤት

ፍሎራይድ በመጠጥ ብቻ አይገባም። ወጡ፣ ገንፎው፣ ሊጡ የተሠራበት ውሃ ሁሉ ይቆጠራል፤ ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው፣ ስለዚህ በጉድጓዱ ውሃ የተፈላ ሻይ ፍሎራይድ የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው፣ ለትንሽ ልጅም አይሰጥ። የተጣራውን ውሃ ለመጠጥ አስቀምጦ በጥሬው ማብሰል የሥራውን ግማሽ መጣል ነው። ወተትና ሌላ ካልሲየም ያለው ምግብ ፍሎራይዱን በአንጀት ውስጥ ስለሚይዝ ይረዳል፤ ውሃውን ግን አይተካም።

የእናት ጡት ወተት፣ እናትየው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣም እንኳ፣ በጣም ጥቂት ፍሎራይድ ነው ያለው። የዱቄት ወተት በጉድጓዱ ውሃ ሲበጠበጥ ግን ሕፃኑ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ በላይ ይወስዳል። ከስድስት ወር በኋላ የሚጀመረው አጥሚትም በተጣራ ወይም በዝናብ ውሃ ይሠራ።

ቋሚ ጥርስ የሚሠራው እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ውሃ አጥንትን ይጎዳ ይሆናል እንጂ የወጣውን ጥርስ አያበልዘውም። የተጣራ ውሃ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ በመጀመሪያ ሊደርሳቸው የሚገባው ከስምንት ዓመት በታች ያሉት ልጆች ናቸው፤ ይህ ማለት ደግሞ ቤት ብቻ አይደለም። መዋዕለ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ከዚያው ጉድጓድ የሚመጣ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ በጥንቃቄ የተጣራው ውሃ በእረፍት ሰዓት ይበላሻል። ለ200 ተማሪ በቀን አንድ አንድ ሊትር 200 ሊትር ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ከትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ ወይም አንድ በርሜል የአጥንት ከሰል ይሸፍነዋል።